ሁለት ሆነው የተቀመጡበት ቤት፦ ከመጠጥ የመላቀቅ ኅብረት ታሪክና የእኛ ሲሬ



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ የሚነገር ነው። በሲሬም ሆነ በባኮ፣ በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ መጠጥ ያሸነፈው ሰው አለ። እሑድ ሲመጣ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፤ ወይም መምጣት ካቆመ ቆይቷል። ሚስቱ ታውቃለች፣ ልጆቹ ያውቃሉ፣ አረቄ ቤቱም ያውቃል። ስንት ጊዜ እንዳለቀሰ፣ ስንት ጊዜ እንደማለ፣ ስንት ጊዜ ተጸልዮለት እንደገና እንደወደቀ የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው። ይህ ሰው አንድ ቀን ደፍሮ፣ «እንደ እኔ ያሉ ሰዎች እየተሰበሰቡ የሚደጋገፉበት ቦታ አለ ወይ?» ብሎ ቢጠይቀን ምን ብለን እንመልስለታለን?

መልሱን ከታሪክ እንጀምር። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ስብሰባ በፊልም ያየነው የፈረንጅ ነገር አድርገን እንቆጥረዋለን። ታሪኩን ወደ ኋላ ስንከተለው ግን ወንጌል ወደ ወለጋ ከመጣበት መንገድ ጋር ይገናኛል። በሁለቱም ታሪኮች ውስጥ የምናገኘው አንድ ዓይነት ቤት ነው፤ ጥቂት ሰዎች ተቀምጠው፣ ቃሉን ከፍተው፣ ስለ ራሳቸው እውነቱን የሚናገሩበት ቤት። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በየቤቱ አረቄ የሚወጣባት ስዊድን

የወለጋን የወንጌል ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ የስዊድንን ሚሲዮን ያውቃል። ሚሲዮኑን የላከችው ስዊድን ግን ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ምን ትመስል እንደነበር የሚያውቀው ጥቂት ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የስዊድን ገበሬ በቤቱ አረቄ ያወጣ ነበር። ከእህልና ከድንች የሚወጣው ይህ መጠጥ በማዕድ ላይ፣ በሥራ ቦታ፣ በሠርግና በለቅሶ የማይጠፋ ነበር። የሚበላው እህል ወደ ማውጫው ይገባል፤ ልጆች ይራባሉ፤ ቤት ይፈርሳል። እኛ አገር አረቄ የሚወጣበትን ቤት ያየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ጌሾው፣ ብቅሉ፣ ከዳጉሳ ወይም ከበቆሎ የሚዘጋጀው ድፍድፍ፣ ከእሳቱ ላይ የተጣደው እንስራ፣ በቧንቧው ጠብ ጠብ እያለ የሚወርደው አረቄ፤ ስሙና እህሉ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

በዚያን ጊዜ ጴጥሮስ ቪዘልግሬን የሚባል የሉተራን ካህን በየቦታው እየዞረ ስለ መጠጥ ያስጠነቅቅ ጀመር። በ1837 የስዊድን የመጠጥ መከላከያ ማኅበር ተቋቋመ። በ1855 ደግሞ በየቤቱ አረቄ ማውጣት በሕግ ታገደ።

በዚያው ዘመን ሌላ እንቅስቃሴም ነበር። መጽሐፍ ቅዱስንና የጸሎት መጻሕፍትን በቤታቸው ተሰብስበው የሚያነቡ ተራ ምእመናን ነበሩ፤ ሕዝቡ «አንባቢዎች» ይላቸው ነበር። ከ1726 ጀምሮ በስዊድን ሕግ ካህን በሌለበት በግል ቤት ለጸሎት መሰብሰብ የተከለከለ ነበር። ሰዎች በዚህ ምክንያት ተቀጥተዋል። ሕጉ የተሻረው በ1858 ነው። የእነዚህ አንባቢዎች መነቃቃትና ከመጠጥ የመላቀቅ ጥሪ በብዙ ቦታ ጎን ለጎን ሄዱ። በቤት ተሰብስቦ ቃሉን የሚያነብ ሰው ሕይወቱን ሲመረምር፣ ከሚያገኛቸው ነገሮች አንዱ ጠርሙሱ ነበር።

የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን የተቋቋመው ከዚህ መነቃቃት ነው፤ ዘመኑም 1856፣ የቤት አረቄ ከታገደ አንድ ዓመት በኋላ። በ1866 የመጀመሪያዎቹ መልእክተኞቹ ምጽዋ ደረሱ። ስለዚህ ወንጌልን ወደ እኛ ያመጡት ሰዎች አገራቸው በአረቄ ስትታመስ ያዩ ወላጆች ልጆች ነበሩ ብንል ከእውነት አንርቅም።

የወለጋ ቤቶች

በሐማሴን፣ በጸዓዘጋ፣ ካህናት ቅዱሳት መጻሕፍትን አብረው እያነበቡ የተነቃቁበት ታሪክ ይታወቃል። ከዚያ ወገን የሆኑት ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ወለጋ ቦጂ ደረሱ። በ1904 ደግሞ ኦኔሲሞስ ነሲብ መጣ። በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተነጥቆ የተሸጠ፣ በ1870 በምጽዋ ነጻ የወጣ፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ በ1899 ለኅትመት ያበቃ ሰው ነው። ቦጂ ላይ አስተማረ፤ ከዚያም ወደ ነቀምቴ ሄደ። ተከስሶ ማስተማሩ በታገደባቸው ዓመታትም ከወለጋ አልወጣም። በ1931 በነቀምቴ አረፈ።

ከኦኔሲሞስ ሥራ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን አንድ ነገር አለ። ሰው ኃጢአቱንና ቁስሉን የሚናገረው እናቱ ባስተማረችው ቋንቋ ነው። ገበያውን በሌላ ቋንቋ ይገበያይ ይሆናል፤ ቢሮውን በሌላ ቋንቋ ይጨርስ ይሆናል። «ልጄ ፈርታኝ ከአልጋ ሥር ተደበቀች» የሚለውን ቃል ግን ከሆዱ የሚያወጣው በገዛ ቋንቋው ነው። በሲሬ የሚደረግ የመደጋገፊያ ስብሰባ በኦሮምኛ ቢሆን የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከመከራው ዘመን ይመጣል። ጣሊያን አገራችንን በያዘባቸው ዓመታት፣ ከ1936 እስከ 1941፣ ሚሲዮናውያኑ ሲባረሩ ሥራውን ተሸክመው የቀጠሉት የአገሩ ምእመናን ነበሩ። በደርግ ዘመንም በወለጋ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበር። ምእመናኑ በየቤታቸው፣ በጥቂቱ፣ ድምፅ ዝቅ አድርገው ተገናኙ። ማን እንደመጣ ውጭ አይነገርም ነበር። የተሰማው እዚያው ይቀራል። አንዱ ሲታሰር ሌላው ቤተሰቡን ይጠይቃል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ምሥጢር የሚጠብቅ፣ ትንሽ፣ የታመነ ኅብረት ምን እንደሚመስል ከማንም አልተማሩም፤ ኖረውበታል።

በ1929 ቦጂ የተወለደው ቄስ ጉዲና ቱምሳም ለአገልግሎት ከመቀባቱ በፊት በነቀምቴ ሆስፒታል የታመሙትን ያገለግል ነበር። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ በነበረበት ጊዜ፣ በ1972፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ የሰው ነፍስና ሥጋ ተለያይቶ መታየት እንደሌለበት አሳሰበች። በ1979 ተገደለ፤ ትምህርቱ ግን አልሞተም። ስለ መጠጥ ሱስ ስናስብም ይህ ሐሳብ ያስፈልገናል፤ ሱስ ነፍስንም፣ አእምሮንም፣ ጉበትንም፣ ኪስንም፣ ቤተሰብንም አብሮ ይይዛልና።

ሰካራሞች ለሰካራሞች

አሁን ወደ ሌላው መንገድ እንሂድ። በ1840 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ስድስት ጠጪዎች በአንድ መጠጥ ቤት ተቀምጠው ለማቆም ተስማሙ። እየተሰበሰቡ የራሳቸውን ታሪክ መናገር፣ ሌሎችንም መጋበዝ ጀመሩ። «ዋሽንግተናውያን» የተባለው ይህ እንቅስቃሴ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ ብዙ ሰዎችን ሳበ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከሰመ። ከምክንያቶቹ አንዱ ከዋና ሥራው ወጥቶ በፖለቲካና በሌላ ክርክር ውስጥ መግባቱ ነው። በ1877 ደግሞ ሉዊ ሉስዬን ሮሻ የተባለ ፓስተር በጄኔቫ «ሰማያዊ መስቀል» የተባለውን ማኅበር መሠረተ። ክርስቲያኖች ከጠጪው ጎን ቆመው አብረውት ከመጠጥ የሚርቁበት ማኅበር ነው፤ እስከ ዛሬም በብዙ አገሮች ይሠራል።

ቀጥሎ የሚመጣው በ1908 በእንግሊዝ ኬዚክ የሆነው ነው። ፍራንክ ቡክማን የተባለ አሜሪካዊ የሉተራን አገልጋይ በስድስት ሰዎች ላይ ቂም ይዞ ወደዚያ ሄደ። በአንዲት ትንሽ ጸሎት ቤት ስለ ክርስቶስ መስቀል ሲሰበክ ሰማ፤ ልቡም ተሰበረ። ለስድስቱም ይቅርታ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፈ። በኋላ እርሱ የመራው እንቅስቃሴ «የኦክስፎርድ ቡድን» ተባለ። ሰዎች በየቤቱ በጥቂቱ ተሰብስበው ኃጢአታቸውን ይናዘዛሉ፣ የበደሉትን ይክሳሉ፣ በጸጥታ የእግዚአብሔርን ምሪት ይጠብቃሉ።

በኅዳር 1934 ከዚህ ቡድን ጋር ተገናኝቶ መጠጥ ያቆመ አንድ ሰው የቀድሞ የመጠጥ ጓደኛውን በኒው ዮርክ ጎበኘ። ጓደኛው ቢል ዊልሰን ይባላል፤ በአክሲዮን ገበያ ይሠራ የነበረ፣ መጠጥ ሥራውንም ክብሩንም የበላበት ሰው። ቢል በታኅሣሥ ወር ሆስፒታል ገባ፤ በዚያ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ ከዚያ ወዲያ አልጠጣም። ከሆስፒታል እንደወጣ ያገኘውን ጠጪ ሁሉ መስበክ ጀመረ። ወራት አለፉ፤ አንድም የተለወጠ አልነበረም። ራሱ ግን ሳይጠጣ ቆየ።

በግንቦት 1935 ለሥራ ወደ አክሮን፣ ኦሃዮ፣ ሄደ። ሥራው ከሸፈ። ኪሱ ባዶ፣ ልቡ የተሰበረ፣ በሆቴሉ መግቢያ ላይ ቆሟል። ከአንድ ወገን የመጠጥ ቤቱ ሳቅና ጫጫታ ይሰማል፤ ከሌላው ወገን የስልክ ሳጥንና የአብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር አለ። ቢል ወደ ስልኩ ሄደ። የሚፈልገው ሌላ ጠጪ ነበር፤ ያን ሰው ለማዳን ሳይሆን፣ ራሱ እንዳይጠጣ የሚያናግረው ሰው ፈልጎ። አንድ ካህን፣ በእርሱም በኩል ሄንሪዬታ ሳይበርሊንግ የተባለች የጸሎት ሴት ከዶክተር ቦብ ስሚዝ ጋር አገናኙት። ቦብ ሐኪም ነው፤ ሲጸልይ የኖረ ነው፤ ግን አላቆመም። ለእንግዳው 15 ደቂቃ ብቻ ሊሰጠው ፈቀደ። ከአምስት ሰዓት በላይ ተቀምጠው አወሩ። ቦብ ኋላ ሲያስረዳ፣ ያ ሰው ስለ መጠጥ የሚያውቀውን ከራሱ ሕይወት የተናገረ የመጀመሪያው ሰው እንደነበረ ገልጧል።

ቦብ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ወድቋል። ተነሣ። የመጨረሻው መጠጡ ሰኔ 10 ቀን 1935 እንደሆነ ይነገራል፤ በኅዳር 1950 እስኪሞት ድረስ አልጠጣም። ያ ቀን «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» የተባለው ኅብረት የልደት ቀን ሆኖ ይታሰባል፤ ስማቸውን ሳይገልጡ የሚሰበሰቡ ከመጠጥ የሚያገግሙ ሰዎች ኅብረት ማለት ነው። ሁለቱ ወዲያው ወደ አክሮን ሆስፒታል ሄደው ሦስተኛ ሰው ፈለጉ። ስብሰባው በቦብ ቤትና በአንድ ባልና ሚስት ቤት ሆነ። ያነቡት የነበረው የተራራውን ስብከት፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 13ን እና የያዕቆብን መልእክት ነበር። ያዕቆብን ከመውደዳቸው የተነሣ ኅብረቱን «የያዕቆብ ክበብ» እንበለው ያሉም ነበሩ። በ1939 መጽሐፋቸው ታተመ፤ ኅብረቱም ስሙን ከመጽሐፉ ወሰደ። በ1950 ደግሞ የኅብረቱን የጋራ መመሪያዎች አጸደቁ፤ በፖለቲካ አንገባም፣ ከውጭ ገንዘብ አንቀበልም፣ አባል ለመሆን የሚያስፈልገው መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው። ዋሽንግተናውያን የወደቁበትን ጉድጓድ አይተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። ይህ ኅብረት ቤተ ክርስቲያን አይደለም። ስለ እግዚአብሔር ሲናገር እያንዳንዱ እንደ ተረዳው ብሎ ይተወዋል፤ የኢየሱስን ስም አይሰብክም። አማኝ ይህን አውቆ መሄድ ይችላል። ሐኪም ቤት ስንሄድ ሐኪሙ ወንጌል እንዲሰብክልን አንጠብቅም፤ ያመንነውን ጌታ ግን በልባችን ይዘን እንገባለን። በወንጌል ላይ ቆሞ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራም አለ፤ በ1991 በካሊፎርኒያ ሳድልባክ ቤተ ክርስቲያን የተጀመረውና በብዙ አገሮች የተስፋፋው «ሰለብሬት ሪከቨሪ» የዚህ ምሳሌ ነው።

ቃሉ ምን ይላል?

ምሳሌ 23፥29-35ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ዐይኑ የቀላ፣ ያለ ምክንያት የቆሰለ፣ ሲደበድቡት ያልተሰማው ሰው ነው። መጨረሻ ላይ ሲነቃ የሚጠይቀው እንደገና ስለ መጠጡ ነው። ጠቢቡ ሱስ የሚለውን ቃል አልተጠቀመም፤ ነገሩን ግን አይቶታል። ይህ ሰው ጉዳቱን አያውቅም ማለት አይቻልም፤ እያወቀ ይመለሳል።

ያዕቆብ 5፥16 እርስ በርስ መናዘዝንና ስለ እርስ በርስ መጸለይን ከፈውስ ጋር ያያይዛል። ገላትያ 6፥1-2 የወደቀውን በየውሃት እንድናቀና፣ ሸክሙንም እንድንሸከም ያዘናል። 2ኛ ቆሮንቶስ 1፥3-4 ደግሞ እግዚአብሔር በመከራችን ያጽናናን ሌላውን እንድናጽናናበት መሆኑን ይናገራል። ቢል ዊልሰን በአክሮን የደረሰበት ነገር ይኸው ነው፤ መጽናናቱን ለሌላ ሲያካፍል እርሱም ቆመ።

ጌታ አንዳንዱን በአንድ ጸሎት የመጠጥ ፍላጎቱን ነቅሎ ነጻ ያወጣዋል። እንዲህ ዓይነት ምስክርነት በየጉባኤያችን ሰምተናል፤ ጌታን እናመሰግናለን። ሌላውን ደግሞ በየቀኑ፣ እንደ መና፣ የዛሬውን ጸጋ ብቻ እየሰጠ ይመራዋል። ሁለተኛው እምነቱ ያነሰ አይደለም። መናውን የሚሰጠው ያው ጌታ ነው።

በሲሬ ያለ ሰው ምን ያድርግ?

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ይህን የምንለው ሕይወት ስለሚያድን ነው። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ የጠጣ፣ ማለዳ ካልጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው መጠጡን በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጥል በሽታ፣ ቅዠትና መደናገር ሊመጣበት ይችላል፤ ሊሞትም ይችላል። የቤት አረቄ የአልኮል መጠኑ ከመቶ 40 ገደማ የሚደርስ በመሆኑ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ስለዚህ በጾም ጸሎት ክፍል ዘግተን «እንዲወጣለት» ከመጠበቅ በፊት ለጤና ባለሙያ እንንገር፤ ጸሎቱ አብሮ ይሁን። ከጤና ጣቢያው በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ነቀምቴ ያሉት ሆስፒታሎች አሉ፤ አዲስ አበባ ደግሞ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ።

ሁለተኛ፣ ጠይቁ። የጤና ባለሙያውን፣ ፓስተሩን ወይም ሽማግሌውን፣ ቀድሞ ጠጥቶ ያቆመውን ሰው ጠይቁ። በየቤተ ክርስቲያኑ ማለት ይቻላል እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ዝም ብሎ ነው እንጂ። በአዲስ አበባ የሚሰበሰቡ ቡድኖች አሉ፤ በስልክና በኢንተርኔት የሚደረጉ ስብሰባዎችም አሉ። ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ከሲሬም መግባት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ የገባችሁበትን ቡድን መርምሩ። ጤናማ ቡድን ክፍያ አይጠይቅም፤ የአባላቱን ስም ውጭ አያወጣም፤ አዲስ የመጣውን ተናገር ብሎ አያስገድድም። ሰዎቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አንዱ ያነባል ወይም ይጸልያል። ከዚያ በየተራ፣ እያንዳንዱ ለጥቂት ደቂቃ፣ ስለ ራሱ ብቻ ይናገራል። ሌላው አያቋርጥም፣ አይመክርም፣ አይገሥጽም። የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነው፤ እግር ከደጃፉ ላይ ይመለሳል። ዝም ብላችሁ ተቀምጣችሁ ብትወጡም በቂ ነው። ዳግመኛ ሂዱ።

ባይኖርስ?

ባይኖር፣ አክሮንን አስቡ። ሁለት ሰዎች በቂ ነበሩ። መክብብ 4፥9-10 የሚለውም ይህንኑ ነው፤ አንዱ ሲወድቅ የሚያነሣው ካለ ሁለት መሆን ይሻላል። በአገራችንም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን።

እዚህ ላይ ለመሪዎች፣ ለሽማግሌዎችና ለወንጌላውያን የምንለው አለን። አንድ ክፍል፣ አንድ የታወቀ ሰዓት፣ አንድ ጀበና ቡና ይበቃል። ሲሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ ማን የት እንደገባ ይታያል። ስለዚህ በሩ ላይ «የጠጪዎች ስብሰባ» የሚል ጽሑፍ አይለጠፍ፤ እንደ ማንኛውም የቤት ኅብረት ይሁን። ሴቶች የራሳቸው ጊዜ ይኑራቸው፤ የምትጠጣ ሴት ከወንዱ ይልቅ በእጥፍ ታፍራለችና ከወንዶች ፊት አፏን አትከፍትም። ሰብሳቢው ራሱ ከመጠጥ የወጣ ሰው ቢሆን ይመረጣል። አገልጋይ ቢገኝ ደግሞ ለመስበክ ሳይሆን ለመስማት ይቀመጥ፤ ስብከቱ እሑድ አለ። በክበቡ የተነገረ ነገር ወደ ሽማግሌዎች ጉባኤ እንደ ክስ ሆኖ አይሂድ። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን፣ ሚስት ወይም ልጅ የምትደበደብ ከሆነ፣ ምሥጢር ብለን ዝም አንልም፤ ይህም ከመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ይነገር።

ሰው ሲወድቅስ? ዶክተር ቦብም ወድቋል። በሩ ክፍት ይሁን። ሰው ጠጥቶ ባደረ ማግስት ሊመጣበት የሚችል ቦታ ከሌለ የሚሄድበት ቦታ የታወቀ ነው።

ቤተሰቡንም አንርሳ። የቢል ሚስት ሎይስ ከሌላ ሴት ጋር በ1951 ለጠጪ ቤተሰቦች የሚሆን ኅብረት መሠረተች፤ «አል-አኖን» ይባላል። ባሏ ሌሊት እስኪመጣ በር ከፍታ የምትጠብቅ ሴት እርስዋም ብርቱ ቁስል አላት። ሦስት እንዲህ ያሉ እናቶች በሳምንት አንድ ጊዜ ቡና አፍልተው፣ ጸልየው፣ ያለ ሐፍረት ቢያወሩ ቤታቸው ውስጥ የሚለወጥ ነገር አለ፤ ባልየው ገና ሳያቆምም ቢሆን።

አንድ ሌላ ሰውም አለች፤ አረቄ አውጪዋ። ብዙ ጊዜ ባል የሞተባት ወይም የተፈታች እናት ናት፤ የልጆቿን ደብተር የምትገዛው ከዚያ ነው። እርስዋን ከመድረክ መውቀስ ቀላል ነው። ስዊድን የቤት አረቄን በሕግ አግዳለች፤ አገራችንም በ2019 በወጣው የምግብና መድኃኒት አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አንሥታለች፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም መሸጥን ከልክላለች። ሕግ መልካም ነው። ለዚያች እናት ግን ከሕግ በላይ ሌላ እንጀራ ያስፈልጋታል፤ ጥቂት መነሻ ገንዘብ፣ ዶሮ፣ የጓሮ አትክልት፣ አብሯት የሚቆም እቁብ። ጉዲና ቱምሳ ያስተማረን ነፍስንና ሥጋን አብሮ ማየት እዚህ ጋ ይፈተናል።

ወገኖቻችን፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። አንተ ከኋላ ወንበር የምትቀመጠው ወንድማችን፣ አንቺ ጠርሙሱን ከሽንኩርቱ ሥር የምትደብቂው እህታችን፣ ዛሬ ለአንድ ሰው ብቻ ንገሩ። ሐኪም ይሁን፣ ሽማግሌ ይሁን፣ ቀድሞ የወጣ ሰው ይሁን፤ አንድ ሰው። እናንተ ደግሞ ከመጠጥ የወጣችሁና ታሪካችሁን በልባችሁ የዘጋችሁ ወገኖች፣ በሲሬ የሚፈልጋችሁ ሰው አለ። ቢል ዊልሰን ወደ ስልኩ እንደሄደ እናንተም ወደ ጎረቤታችሁ ሂዱ።

እንጸልይ። የምሕረት አባት ሆይ፣ በወለጋ ቤቶች በመከራ ጊዜ ሕዝብህን የሰበሰብህ አንተ ነህ። ዛሬም በሲሬ፣ በነቀምቴ፣ በየከተማው፣ ሐፍረት ያሰራቸውን ሰዎች የሚቀበል ቤት ክፈት። የወደቀውን አንሣ፤ የቆመውን ጠብቅ፤ የሚጠብቁትን እናቶችና ልጆች አጽናና። የዛሬውን ጸጋ ዛሬ ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።